ኮምፒውተሩ በስምህ ይጠራኝ ነበር

ይድረስ ለወንድሜ ለበሱፍቃድ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጨጓራህስ ከገዳሙ ምግብ ጋር ተስማማ? የላክኩልህ ጋቢ ደረሰህ ወይስ እንደ ልማድህ ለሌላ ሰጠኸው? እኔ ልደታ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ራት የምበላው ቆሜ ነው፤ ለአንድ ሰው ገበታ ማቅረብ ያስጠላኛል። አንቱ ልልህ ይገባ ይሆናል፤ እስክትመነኩስ ድረስ ግን አንተ ማለቴን አልተውም።

የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። ባለፈው ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቅህ፣ «እኅቴ ሆይ፣ እንደ ወደድሽ አድርጊው» ብለህ በአንድ መስመር መለስክልኝ። ያን ቀን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ለፍልሰታ ሱባኤ ብቻ ብለህ ከወጣህ ሁለት ዓመት አልፎሃል። ዕቃህን እንደ ወደድሽ ካልክ፣ መመለስህ ቀረ ማለት ነው ብዬ ነው።

ታስታውስ እንደሆነ፣ ሲከፈት በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጣህ፣ በሱፍቃድ» ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት የሰው ማመልከቻ ልተይብ ስቀመጥ፣ «እሱማ አልመጣም» እለዋለሁ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማን ጋር ላውራ?

ማሽኑ ግን አስመረረኝ። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ ቫይረስ እየገባ የጻፍኩትን ይደብቅብኛል። ቀጥሎ ደግሞ የተጫነበት የኩባንያ ሲስተም ጊዜው አልፎበታል፣ አዲሱ ለዚህ አሮጌ ዕቃ አይሆንም፣ ሌላ ግዢ ይለኝ ጀመር። ባለፈው ወር ጭራሽ ባለቤቱ መሆንህን አረጋግጥ አለና የሚስጥር ቁጥሩን ወደ ስልክህ ላከ። ሲም ካርድህ ከተዘጋ ስንት ጊዜው! የአንዲት እናት የልጅ ቀለብ አቤቱታ ውስጡ ተቆልፎ ቀረ፤ ቀጠሮዋ ደግሞ በማግስቱ ነበር። የሰው ኮምፒውተር ለምኜ እንደገና ተየብኩላት።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው በከር፣ ያ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጓደኛህ፣ በኩባንያው ሲስተም ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ልጫንልሽ ካለኝ ቆይቷል። ነፃ ነው ሲለኝ፣ ነፃ ነገር ምን ይረባል አልኩት። ሳቀና፣ «የዕድር ድንኳን በይው፤ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። የተቀደደ ያየ ሰው ይሰፋዋል፤ ማንም መጥቶ ተነሺ አይልሽም» አለኝ። እሱ ዘንድ የሚመጡትም ብዙዎቹ የሚቀይሩት ገንዘብ አጥሯቸው ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ ዕቃቸው ላይ ፈቃድ መለመን ሰልችቷቸው እንደሆነ ነገረኝ። ነገሩስ ገብቶኛል። ያንገራገርኩት ስምህ አብሮ ስለሚጠፋ ነበር። ይህን ለበከር እንዴት ብዬ ልንገረው?

ማክሰኞ መጣ። መጀመሪያ የእማዬን ፎቶዎችና አንተ የጻፍካቸውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠልኝ፤ አንድም አልጠፋም፣ አታስብ። ከዚያ በዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል ወይ የሚል ጥያቄ ወጣ። በከር እጁን ከማውሱ ላይ አነሣና፣ «አንቺ ነሽ የምትጫኚው» አለኝ። ጎረቤታችን ወርቄ ከታች ግቢው ውስጥ ልጆቿን ስትጣራ ይሰማኛል። ተጫንኩት።

አሁን ያ አሮጌ ዕቃ ሮጦ ይከፈታል። የአማርኛው ፊደል አቀማመጥ ተለውጦብኝ ሁለት ቀን ጣቴ ሲንተባተብ ከረመ፣ ፕሪንተሩም አኩርፎ ነበር፤ በከር ተመላልሶ አስታረቀን። ሲጫን ግን የባለቤቱን ስም ጻፊ ብሎኝ እጄ በልማድ ያንተን ጀመረ። አጠፋሁትና የራሴን ጻፍኩ።

ወርቄ ከነልጆቿ በጸሎትህ አስበን ብላሃለች። በከር አላህ ያበርታህ፣ ዳማ የሚያሸንፈኝ ሰው አጣሁ በይልኝ ብሏል። የአበምኔቱን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለምታገለግላቸው ለአባ ገብረጊዮርጊስም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ስትጸልይ ወለተ ሚካኤል እያልክ በክርስትና ስሜ እንደምታስበኝ አውቃለሁ። ስትጽፍልኝ ግን እኅቴ ሆይን ተወውና ዕፀገነት በለኝ። በዚህ ቤት በስሜ የሚጠራኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

እኅትህ ዕፀገነት
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.