ብዙዬ፣ የመኪናሽን ሞተር ቀየርነው

ውድ ባለቤቴ ብዙዬ፣

ከተለየሽን ስምንተኛው ወር ተጋመሰ። እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። እኛ እንደነገሩ አለን። መቅደስ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የባሰበት ይመስለኛል። ወይም አልባሰበትም፤ እንደ አንቺ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከንፈሩን አሳይቶ የሚያወራኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ይኼን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬሽ ከርሜ በመኪና ወሬ ብመጣ አትሳቂብኝ። ሰሞኑን ያስጨነቀኝ እሱ ነው፤ የምነግረው ሰውም አጣሁ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ፒክአፕሽ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። እኔ መንዳት እንደማልችል ታውቂያለሽ። እሁድ እሁድ ሸራውን ገልጬ መስታወቷን እወለውልና መልሼ አለብሳታለሁ። ስልክሽ ግን አላረፈም ነበር። ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት የሚቀይር ሰው ሁሉ ዕቃ ጫኚልኝ እያለ ይደውላል። መቅደስ ታነሳለች፣ እናቴ አርፋለች ትላለች፣ ከዚያ ሄዳ ፊቷን ትታጠባለች። አንድ ቀን ከቂሊንጦ ከሥራ ስትመለስ መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ “አባዬ፣ ፋብሪካውን ለቀቅኩ። የእማዬን ሥራ እኔ እቀጥላለሁ” አለችኝ። መንጃ ፈቃዱን ራስሽ ነሽ ያስወጣሻት፤ ምን ብዬ እከለክላታለሁ? ፈራሁ፣ ግን እሺ አልኩ።

ጥቂት ሳምንት ጥሩ ሠራች። እኔም ጡረተኛ ነኝና ጋቢና ውስጥ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ዕቃ ሲወርድ ገመድ እፈታለሁ። አንድ ጠዋት የአንዲት አስተማሪ ቁም ሳጥንና ፍሪጅ ጭነን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንወጣ፣ ዳገቱ ላይ መቅደስ ፍጥነት ቀንሳ አየችኝ። ድምፁ ተቀይሮባት ኖሯል። እኔ ምን ሰምቼ? መልሼ አየኋት። ትንሽ እንደሄድን ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ። ወርደን ቆምን። “ምን ላድርግ አባዬ?” አለች። ድንጋይ ፈልጌ ከኋላ ጎማው ሥር አደረግኩ። የማውቀው እሱን ብቻ ነው ብዙዬ። አንቺ ብትኖሪ ገና ከታች ሳለን ታውቂው ነበር።

የአንቺው መካኒክ ሻፊ መኪናዋን አስጎትቶ ወስዶ ሞተሩን ፈታው። “ጋሼ፣ ውሃው አልቆ ነው የነደደው። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተሰንጥቋል፣ ታችኛውም አካል አልተረፈም። ይኼ ታድሶ አይመለስም፤ ሌላ ሞተር እንፈልግ” አለኝ። ወራሽነቱን በፍርድ ቤት ስለጨረስን ሊብሬው በእኔ ስም ዞሯል። መቅደስም፣ “የምትፈርመው አንተ ነህ፤ አንተ ምረጥ” አለች። እኔ! ዕድሜዬን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲበጠስ ስቀጥል የኖርኩት ሰውዬ ሞተር ልመርጥ።

ሻፊ ሦስት ያገለገሉ ሞተሮች አፈላልጎ ጠራኝ። አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጦ አንድ በአንድ አስረዳኝ። አንደኛው እንደ ድሮው ያለ ናፍታ ነው። ሩጫ አይወድም፣ ይጮኻል፣ ግን ጭነት ይችላል፤ ቢበላሽም ማንም ጋራዥ ይሠራዋል። ሁለተኛው ናፍታ ሆኖ ቱርቦ ያለው ነው። ዳገቱን ሳይሰማው ይወጣል፤ ነገር ግን ዘይቱ በሰዓቱ ካልተቀየረ፣ ነዳጁ ንጹሕ ካልሆነ ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ መለዋወጫው አይቀመስም። ሦስተኛው ቤንዚን ነው። ቀላል ነው፣ አያስቸግርም፣ ከሁሉም ይረክሳል፤ ከባድ ጭነት ሲሸከም ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ለመግጠምም ብዙ ነገር መነካካት ይፈልጋል። “ታዲያ አንተ ብትሆን የቱን ትወስዳለህ?” አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ። “ለሚነዳው ሰው ነው ጋሼ። የእትዬ ብዙነሽ ቢሆን አውቅ ነበር” አለኝ።

ሰው ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። ወንድምሽ ቱርቦውን ካልወሰድክ አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ፣ የነዳጅ መኪና ጊዜው አልፏል፣ ብረቱን ሸጣችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ግዙ ይላል። በምን እንደምንገዛ አልነገረኝም። ለሁሉም እሺ፣ ልክ ነህ እላለሁ። ማታ ተኝቼ ሦስቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ጠዋት ስነሳ ሦስቱም ስህተት ይሆናሉ።

በመጨረሻ ሻፊ ባትሪ አገናኝቶ ሊያስነሳልኝ ጠራኝ። የሞተር ደህንነት በድምፁ ይታወቃል አለኝ። አንዱን አስነሳ፣ ሌላውን አስነሳ። “ልዩነቱ ተሰማዎት?” አለ። የሽመና ክፍሉ ማሽን ጆሮዬን ይዞት እንደቀረ ያውቃል፤ ረስቶት ነው። እኔም ለመንገር አፈርኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ለይቼ ባውቅ እንኳ ምን እለው ነበር?

ከዚያ እጄን አሮጌው ናፍታ ላይ አኖርኩ። ብዙዬ፣ መንቀጥቀጡ በክንዴ አልፎ ደረቴ ድረስ መጣ። ያኔ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋኝ። ከአስፋልቱ ታጥፈሽ ወደ ሰፈር ስትገቢ መጀመሪያ የግቢው ቆርቆሮ ይርገበገባል፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ። ከዚያ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ በሩን እከፍትልሻለሁ። መቅደስ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ “አባዬ ሳይሰማ እንዴት አወቀ?” እያለች ትገረም ነበር። ጆሮዬ ከከዳኝ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ሳላይ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር የአንቺን መምጣት ነበር። ቤንዚኑን ስነካው ግን የጠፋ መሰለኝ። ሻፊን አየሁት። እየሠራ ነው አለኝ።

ስለዚህ ቤት ገብቼ ለመቅደስ፣ “አሮጌውን ናፍታ እንውሰድ፤ ጠንካራ ነው” አልኳት። ምክንያቴ ጥንካሬው አልነበረም፤ እውነተኛውን ግን ለልጅ እንዴት ብዬ ልንገራት? እሷ ጨለማ ሲመጣ አትፈራም፣ ከባድ ዕቃ አትፈራም። ናፍታ ሲባል ግን ፊቷ ተለወጠ።

“አባዬ፣ እማዬ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ እያመማት የናፍታ ሰልፍ ላይ ነበር የምትውለው” አለችኝ። “ከጭነት መኪኖቹ መሃል ገብታ፣ ሆዷን ይዛ። ተራዬ ያልፈኛል እያለች ነው ሐኪም ቤት ያልሄደችው። ስልክ ደውላ የነገረችኝ እኔን ነው፤ ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብላ። እኔ እዚያ ሰልፍ ላይ አልቀመጥም። ቤንዚን ይሁን።”

ብዙዬ፣ ይኼን አላውቅም ነበር። ደክሞኛል ስትዪኝ ደክሞሽ ነው የመሰለኝ። ለምን እንደደበቅሽኝ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩ፤ ብትነግሪኝ ምን አደርግልሽ ነበር? ሰልፉ ላይ ልቀመጥልሽ አልችልም፤ መኪናዋን አንድ እርምጃ ማስጠጋት አላውቅበትም። ይኼን ታውቂያለሽ። ለዚህ ይሆናል። ልቆጣሽ ፈልጌ ነበር፤ የምቆጣት ሴት የለችም።

ስለ ቆርቆሮውና ስለ ብርጭቆው አንድም አልተነፈስኩ። ጋራዥ ሄጄ ለቤንዚኑ ፈረምኩ።

ተገጠመ። ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥር ተቀየረ። መቅደስ በመጀመሪያው ቀን ብቻዋን ወጣች፤ አዲስ የተጋቡ ልጆች ዕቃ ልትጭን። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ድንች እየላጥኩ ሳለ ትከሻዬን ሰው ነካኝ። ዘልዬ ተነሳሁ። እሷ ናት። በሩን ራሷ ከፍታ፣ መኪናዋን ከጀርባዬ አስገብታ፣ ጠርታኝ ጠርታኝ ሲያቅታት ነው የነካችኝ። “በጣም ጥሩ ነው አባዬ፣ ድምፅ የለውም” አለችኝ ደስ ብሏት። እኔም ደስ አለኝ አልኳት። ወደ ውስጥ ስትገባ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።

ልጃችን በርትታለች። ዳገቱንም ወጥታዋለች፤ ነዳጁ ትንሽ ይበላባታል እንጂ ሥራው ይሄዳል። ምርጫው ልክ ይሁን አይሁን ግን እስካሁን አላውቅም። የምጠይቀው ሰው አንቺ ነበርሽ።

ቃል የምገባልሽ ትልቅ ነገር የለኝም። የድምፅሽ ነገር ከጠፋኝ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱን አስታውሳለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የማስታውሰው ሌላ ነው። ስትነጂ ልታወሪኝ ከፈለግሽ፣ ዓይንሽን ከመንገዱ እንዳታነሺ ስለምፈራ፣ ዳር ይዘሽ መኪናውን ታቆሚያለሽ። ከኋላ ያሉት ሚኒባሶች መብራት ያበሩብሻል፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ግድ የለሽም። ትዞሪና ረጋ ብለሽ ከንፈርሽን ታሳዪኛለሽ። የሆነ ቁምነገር ልትነግሪኝ ነው ብዬ እዘጋጃለሁ። “ሽንኩርት አልቋል፤ ገዝተን እንግባ” ትዪኛለሽ። ከዚያ ማርሽ አስገብተሽ ትቀጥያለሽ።

እሱን፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ማንም ከእኔ አይወስደውም።

ባልሽ ተፈራ
አቃቂ