የተሰረዘው ስምሽ

ሰኔ 9 ቀን

ይድረስ አባቷን ከዝርዝር ላስወጣችው ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ደመና ባየ ቁጥር ይነዘንዛታል። ለእርሷ እየደወልሽ ለእኔ ሰላምታ ብቻ መላክ ከጀመርሽ ወራት አለፉ። ተቆጥቷል ብለሽ ነው። አልተሳሳትሽም፣ ተቆጥቼ ነበር።

አንቺ በጀት ቢሮ ተቀምጠሽ ስትጽፊ የከረምሽው ደንብ፣ እኔ ሊቀመንበር የሆንኩበት የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን በር ላይ ተለጥፎ አገኘነው። የመንግሥትን ወጪ ለመቀነስ ሲባል የድጎማ ማዳበሪያ ከእንግዲህ መሬቱ ከአንድ ሄክታር ለማይበልጥና ራሱ ለሚያርስ ብቻ ነው፤ ሌላው በሙሉ ዋጋ ይግዛ ይላል። "ጠበቃው" የምንለው ጎረቤታችን ከደንቡ ሥር የተለጠፈውን የተሰረዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ሊቀመንበራችንም ተሰርዘዋል። ደንቡን የጻፈችው የገዛ ልጃቸው አይደለች እንዴ?" አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቤት ገባሁ። እናትሽ ቀና ብላም አላየችኝ። "ሐቅ አትፍሪ እያልክ ያሳደግካት አንተ አይደለህ?" አለችኝ።

በማግስቱ ተቃውሞ ልንፈርም ተሰበሰብን። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሳለ መጋዘን ጠባቂዋ "መጨረሻውን አንብበውታል?" ብላ ዝርዝሩን ፊቴ ዘረጋችው። ከሁሉም በታች ያንቺ ስም አለ። ኮሌጅ የገባሽ ዓመት ወንዝ ዳር ያለችውን ግማሽ ሄክታር በስምሽ አስመዝግቤ፣ በየዓመቱ ሁለት ከረጢት የድጎማ ማዳበሪያ እወስድባት ነበር። ከተማ የገባ ልጁን አራሽ ነው ብሎ ያላስመዘገበ ሰው እዚህ የለም። ከስምሽ ትይዩ "አላርስም ብላ በራሷ ማመልከቻ ተሰርዛለች" ይላል። ከረጢቶቹ የት ይገቡ እንደነበር ጠይቀሽኝ አታውቂም። እኔም አልናገርም፤ ተማሪ ሳለሽ የቤት ኪራይሽ አንድም ወር አልተጓደለም።

እስክሪብቶዬን ኪሴ መለስኩና ያቺን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልቤ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም። ሁሉም ተስማማ ብዬ አልዋሽሽም፣ ግማሹ ፈርሟል። ጠበቃው ግን አገጩን ሲያክ ቆይቶ የሦስት ልጆቹን ስም አሰረዘ፤ አንደኛው የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ማረሻ ከነካ ሃያ ዓመቱ። ሁልጊዜ ተራዋ ሳይደርስ ያልቅባት የነበረችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ዘንድሮ ለሩብ ሄክታሯ ማዳበሪያ ደረሳት።

እናትሽ አትንገራት ብላኛለች፤ እኔ ግን እነግርሻለሁ። ዘንድሮ ከአራቱ ሄክታር የዘራሁት ሁለቱን ነው። ለቀሪው ማዳበሪያ በሙሉ ዋጋ ለመግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ይህን የጻፍኩልሽ አንዲት መስመር ገበሬው ዘንድ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ እንድታውቂ እንጂ እንድታስተካክዪልኝ አይደለም። ለእኔ ብለሽ ከደንቡ አንድ ቃል የነካሽ እንደሆነ ግን፣ ያኔ በእውነት እቀየምሻለሁ።

እጅሽ አይዛል፤ የቆምሽበት ሁሉ ይጽናልሽ።

ባንቺ የኮራ አባትሽ