ሣጥኗ የሰረዘችው ድምፅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3 ሰዓት።

የናይሮቢ ታክሲ፣ ማታቱው፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ጣለኝ፤ ቀሪውን በእግሬ። ቤ/ክ ማንም የለም። ለሥራ ይመቻል። የቅጂዎቻችን መጠባበቂያ የሆነችው የባካፕ ሣጥን አረንጓዴ መብራቷ በርቷል፤ ደህና ናት። የመዘምራኑን አልበም ዛሬ ማቀናበር እጀምራለሁ። የሰናይት ድምፅ ይቅደም። እህት ሰናይት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣትም። ሐኪሞቹም ይመለሳል አላሏትም። መዝሙሯ ያለው ከሕመሟ በፊት በቀዳነው ላይ ብቻ ነው።

4 ሰዓት።

የለም! ፎልደሮቹ የሉም። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን፣ ቦታ ሲጠብ፣ እኔው አጥፍቼዋለሁ፤ ባካፕ አለን ብዬ። ፓስተር ቤት ያለችው ሁለተኛዋ ሣጥንስ? ከዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት ገብቼ አየሁ። እዚያም የለም። እግዚአብሔር ሆይ፣ ምን ብዬ ልነግራት ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9።

ብራያን መጣ፤ ሣጥኖቹን የገጠመልን ፉንዲ፣ ኬንያዊው ቴክኒሻን። የፎልደሮቹን ስም አይቶ 2016 እና 2017 ለምን እንደምንል ጠየቀኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነዋ አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ስማኝ ማስታወሻዬ። ዲስኮቹ ሲሞሉ፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ይሰረዝ ወይ ብሎኝ አዎ ብዬዋለሁ። ኋላ ከተጣለችው አሮጌዋ ወደ አዲሷ ሣጥን ሲገለበጥ የፋይሎቹ ቀን ሁሉ አንድ ቀን ሆነ፤ ስለዚህ ብራያን ሣጥኗ ዕድሜያቸውን ከፎልደሩ ስም እንድታነብ አዘዛት። እንደ ፈረንጅ ዓመት አነበበች። አምና የተቀዳው መዝሙር ለእሷ ስምንት ዓመት ያለፈው አሮጌ ነው። ጠረገችው! በገዛ አቆጣጠራችን!

ከሰዓት።

ተስፋ ነበረ፤ እሱም ሞተ። ብራያን እንዳስረዳኝ ሣጥኗ ፋይልን ቆራርጣ ነው የምታስቀምጠው። ተመሳሳዩን ቁራጭ ደግማ አትይዝም፤ የየዕለቱ ባካፕ የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚያመለክት ዝርዝር ብቻ ነው። ሲሰረዝ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው። ቁራጮቹ ሳምንታዊው ጽዳት እስኪደርስ እዚያው ይቆያሉ።

ጽዳቱ መቼ ነው? እሑድ ጠዋት። ከትናንት ወዲያ። እኛ ስናመልክ እሷ ስታጸዳ ነበር። ሁለተኛዋማ የመጀመሪያዋ ያጠፋችውን ሁሉ ተከትላ ታጠፋለች። ሁለት አሉን ብዬ ስኩራራ! ብራያን ፖሌ ሳና፣ ፖሌ ሳና ይላል። ይቅርታው ምን ያደርግልኛል? ልጮህበት ነበር፤ ግን አዎ ያልኩት እኔው ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

አሮጌውን ላፕቶፕ፣ ፍላሾቹን ሁሉ ፈተሽኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሰናይት በስልክ መልእክት ጻፈች፤ ልጇ አልበሙን ሊሰማ ጓጉቷል፣ መቼ ይደርሳል አለች። በቅርቡ አልኳት። አፈርኩ። ለፓስተር ነገርኩት። ጸለየልኝ፤ አሜን ማለት አቃተኝ። ዛሬ ነገ ሳትል ንገራት አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11።

አላምንም። ብራያን የተረፈውን አንድ በአንድ እንየው ብሎ አስቀመጠኝ። አንድ ፎልደር አለ፤ ስሙ «የማይረባ»። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። የተበላሹ ቅጂዎችን የምጥልበት ነበር። ዓመት የለውም። ሣጥኗ ቁጥር ፈልጋ ስታጣ አልነካችውም!

ከፈትኩት። ሰናይት ናት። ሳል፣ ሳቅ፣ ከበሮ መቺውን ስትቆጣ። ስንኙ መሐል ላይ ጠፍቷት ያቆመችው። ጀነሬተር ገብቶበት ያቋረጥነው። አንድም እስከ መጨረሻው የደረሰ መዝሙር የለም። ግን ድምፅዋ አለ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ብራያን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።

ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ ደርቃ ቀረች። ያ ይብሳል። ከዚያ ሁሉም ነው ወይ የጠፋው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። የቀረው ይኸው ነው ብዬ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። በሳቁ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ድምፅ የለውም። ክው አልኩ፤ ያንን ከዚህ በፊት አላስተዋልኩም።

ሌላ ዘማሪ እንፈልግ፣ አልበሙን እንደ አዲስ እንቅዳ አልኳት። እምቢ በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ ካቆምኩበት መዘምራኑ ይቀጥሉ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከአምልኮ በኋላ።

ጽዳቱን አስቁመናል። ፎልደሩን ከሣጥኖቹ ጋር ባልተገናኘ ዲስክ ለብቻው ገልብጬ ለሰናይት ሰጥቻለሁ። መዘምራኑ ተሰለፉ፤ እሷ ከፊት ወንበር ላይ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለቀቅኩት። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተቋረጠ። መዘምራኑ እዚህ ላይ ተቀብለው መግባት ነበረባቸው። አልገቡም። ሁሉም ያለቅሳል። እኔም ማይኩን መዝጋት ረሳሁ። ዝምታው እየተቀዳ ነው።

ሰናይት ብድግ አለች። ወደ እነሱ ዞራ ሁለት እጇን አነሳች፤ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እነሱ ግን ስንኙን ከአፏ አነበቡት፤ ገቡ።