ባዶዋ ወንበርና አርባ አንዱ ጥያቄዎቼ

ለማከብርሽ፣ ለምወድሽ፣ ትንሽ ትንሽም ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ሐኪሙ ያለሽን ሰምተሽ በየሰዓቱ ከስፌት መኪናው ትነሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ እንዳልሽ ይመሻል? እንደማትሰሚ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው። የእማዬ እግር እብጠቱ ቀነሰላት? የአባባ ጆሮስ፣ የማይፈልጉትን አለመስማቱን እንደቀጠለ ነው? እኔ ከአንገቴ በታች ፍጹም ደህና ነኝ። ከአንገቴ በላይ ያለውን ልነግርሽ ነው ዛሬ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሜ የመመረቂያ ጽሑፌን አቀርባለሁ። ካለፍኩ ተመርቄ እመጣለሁ፤ ከወደቅሁ የሦስት ዓመት ልፋቴን ጥዬ ባዶ እጄን እመጣለሁ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማለፌን አልጠራጠርም ነበር። አሁን ግን የምናገረውን አላውቅም። ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ዓርብ አልፎ እንደሚሆን ይገባኛል፤ ቢሆንም ለአንቺ ያልነገርኩት ነገር ለራሴም አይጠራልኝምና ስሚኝ።

አባባ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሃይማኖት እያጠና ነው» እያሉ፣ ሰዉም ስመለስ እንድባርከው እየጠበቀ መሆኑን ጽፈሽልኝ ነበር። እባክሽ አስረጂልኝ። እኛ ሃይማኖትን የምናጠናው አንቺ የሰው ቀሚስ እንደምትሰፊው ነው፤ ትለኪያለሽ፣ ትቆርጫለሽ፣ ትሰፊያለሽ፣ ግን አትለብሺውም። ማመንም መካድም ክልክል አይደለም፤ በሥራ ሰዓት ብቻ አይፈቀድም። አማካሪዬን እኛ ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር ይመስላል» እንላቸዋለን፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የሚዘጉት በዚህ ቃል ነውና። ባለቤታቸው በወለዱ ጊዜ እንኳ «ሴት ልጅ ይመስላል» ነው ያሉን። ሙያቸው ሃይማኖትን በዘመኑ መዝናኛ ውስጥ መፈለግ ነው፤ ኳስ ሜዳ፣ ዘፈን፣ ፊልም፣ የትም። እኔን የላኩኝ ላውንደሪ ነው።

ከክፍሌ ማዶ ያለ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይሰበሰብና ከማድረቂያዎቹ በላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ተከታታይ ድራማ ያያል። ድራማው ካለቀ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚያዩት ድጋሚውን ነው። የሚወዷት ገጸ ባሕርይ አንዲት ነርስ ናት፤ በመቶ ሰባተኛው ክፍል መኪና ገጭቷት ትሞታለች። እንደምትሞት ያውቃሉ፤ ሆኖም በየዙሩ «እባክሽ ያንን መንገድ አትሻገሪ!» እያሉ ይለምኗታል። ይህን ስነግራቸው ፕሮፌሰር ይመስላል እጃቸውን አፋተጉ። «ሂድና ጠይቃቸው፤ ሃይማኖት ይመስላል» አሉኝ።

አርባ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቼ፣ ደብተሬን ታቅፌ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ ገባሁ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እጠይቃለሁ። «ለነርሷ የተለየ መቀመጫ ትተዋላችሁ?» አልኩ። ባለላውንደሪዋ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት፣ ሌሎቹን አየት አደረገችና «ኧረ የለም» አለች። ጻፍኩ፦ የለም። «ድራማው ሲጀምር የጸጥታ ጊዜ አላችሁ?» ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ወደ ባለላውንደሪዋ በአገጩ እየጠቆመ «ጸጥታ? ከዚች ጋር?» አለ። ጻፍኩ፦ የለም። «ስለ እሷ ብላችሁ የተዋችሁት ምግብ አለ?» ሌላው፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት ፖስተኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔ ሐኪም ከከለከለኝ ጨው በቀር የተውኩት የለም» አሉ። አሁንም፦ የለም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስገባ፣ እትዬ፣ ከፊት አንዲት ወንበር ባዶዋን ቆማለች፤ የታጠፈ ነጭ ፎጣ ተደርጎባታል። ልቀመጥባት ስል ሾፌሩ «ምነው ወንድሜ! የእሷ ናት እኮ» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። በሳምንቱ ደግሞ ድራማው ሊጀምር ሲል ባለላውንደሪዋ ማሽኖቹን ሁሉ አጠፋችና አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ተባለ። በሌላው ሳምንት ሾፌሩ ከእጁ የማይለየውን የሱፍ ፍሬ ትቶ መጣ፤ ማክሰኞ አልበላም አለ። እኔ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሰባት ወር ሙሉ ጻፍኩ። ፕሮፌሰር ይመስላል ምዕራፍ አራትን አንብበው «ድንቅ ነው» አሉ። «ይመስላል» ሳይሉበት! ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ለፈተናው ስዘጋጅ ደብተሬን በቀን በቀኑ አነበብኩት። አንድ ማክሰኞ ጥያቄዬ አለ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ልማዱ አለ። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ አንዱም ጥያቄዬን ቀድሞ አልመጣም። ለካ እኔ ራሴ የዘራሁትን ዞሬ ስቆጥር ነው የከረምኩት።

ወደ ፕሮፌሰር ይመስላል ሮጥኩ። ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የግርጌ ማስታወሻ ብታደርገው የሚበቃ ይመስላል» አሉኝ። በትንንሽ ፊደል፣ ከገጹ ሥር ማለት ነው። ፈታኞቹ የግርጌ ማስታወሻ እንደማያነቡ ሁለታችንም እናውቃለን።

ትናንት ላውንደሪ ሄጄ ተናዘዝኩ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ወንበሯም ጸጥታውም ከእኔ ወረቀት የወጡ ናቸው፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ» አልኩ። ባለላውንደሪዋ ሳቋን ለቀቀችው። «አንተ! የማናውቅ መስሎህ ነው? የለም ባልንህ ቁጥር ፊትህ እንደ እርጥብ ካልሲ እየተንጠለጠለ አንጀታችንን በላኸው እኮ! ይሄ ልጅ ባዶ ደብተር ይዞ አገሩ ከሚገባ አንዲት ወንበር ብንተውለት ምን ይጎድልብናል ተባባልን» አለች። ሾፌሩም «እኔማ ሱፉን የተውኩት ውጤት እንዲመጣልህ ብዬ ነው፤ እግረ መንገዴን ሦስት ኪሎ ቀነስኩ» አለ።

ለካ አጥኚው ነበር የሚጠናው! አፍሬ «በሉ እንግዲህ፣ ጥናቱ አብቅቷል፤ ወንበሯን እናንሳት» ብዬ እጄን ሰደድኩ። ነገሩ የተገለበጠብኝ እዚህ ላይ ነው። በሰባት ወር ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ የማላውቃቸው ፖስተኛ «አትንካ!» ብለው ጮኹ። እኔም ደነገጥኩ፣ እሳቸውም ደነገጡ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «መጀመሪያስ ለአንተ ብለን ነበር። ግን ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ሆኜ ዝም የምልባት ደቂቃ ይህችው ናት» አሉ። ሾፌሩ ፎጣውን አስተካከለ።

እስቲ ፍረጂ። እኔ ከወረቀት ያወጣሁት፣ እነሱ ለእኔ አዝነው ያስመሰሉት ነገር፣ ለአንድ ሽማግሌ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ምን ልበለው? ሃይማኖት? ቀልድ? ውለታ? ሦስት ዓመት ተምሬ መለየት አቃተኝ። ደግሞ ሌሎቹ የጥንት የጥንቶቹ ሥርዓቶችስ፣ አንዱ ለአንዱ አዝኖ የጀመራቸው ይሆኑ እንዴ ብዬ አስብና ደንግጬ አፌን እይዛለሁ። ይህችን መስመር ለእማዬ አታንብቢላት።

ዛሬ ጠዋት ያንን የግርጌ ማስታወሻ አንስቼ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አኖርኩት፤ በትልልቅ ፊደል። ዓርብ የማደርገው ይህን ነው፦ ወንበሯ በማን እንደመጣች፣ ለምን እንደመጣች፣ ሽማግሌውም እንዳላስነኩኝ እናገራለሁ፤ ምንድን ነው ሲሉኝ አላውቅም እላለሁ። አላውቅም ብሎ ዲግሪ የተቀበለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ከጣሉኝ ሰው ፊት ተከራከሪልኝ፤ ጓዳ ስንገባ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በረከቱን ከእሳቸው እኔ ልቀበል። ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ ትልቁ ልጅሽ ከእኔ ሌላ ማንንም ይምሰል። ትንሿን ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ለእማዬ ግን ከሰላምታው ጋር አንድ መልእክት አለኝ። ባለላውንደሪዋ ሰኞ የሐሞት ጠጠሯን ልታስወጣ ሆስፒታል ትገባለች። ቀላል ነው ይላሉ፤ እሷ ግን ፈርታለች። ትናንት ስወጣ ቁልፉን እጄ ላይ አኑራ «ማክሰኞ አንተ ክፈት። ዝም ስትሉም እኔን አስቡኝ፤ ሥርዓቱን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችኝ። እኔ አጥኚ ብቻ ነኝ ብላት «ታዲያ የተማርከው ለመቼ ነው?» አለች። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እማዬም በጸሎቷ ታስባት። ማን ልበል ብላ እንደምትጠይቅሽ አውቃለሁ፤ ያለ ስም አትጸልይም። ሰባት ወር ሙሉ ስሟን ጠይቄያት አላውቅም፤ ደብተሬ ውስጥ ያለችው መላሽ ቁጥር አራት ተብላ ነው። ሰኞ በጠዋት፣ ሆስፒታል ሳትገባ፣ ሄጄ እጠይቃትና እጽፍልሻለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከላውንደሪው ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን