አበልጄ ያመጡት የጋራዥ ሞተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሞተ። የጋራዡን በር የሚከፍተው ሞተር አምስት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጠዋት ሪሞቱን ብጫን ብጫን ጭራሽ መልስ የለም። ባትሪው ነው ብዬ ቀየርኩት፤ አይደለም። ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። ደስ አላላትም። እኔንም ደስ አላለኝም።

ቴክኒሻን ጠራሁ። መሰላል ላይ ወጥቶ የሞተሩን ክዳን ከፈተና ነይ እይ አለኝ። ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ሰንሰለቱ ዝጓል፣ ማጠፊያዎቹ ዝገዋል፣ የበሩን ክብደት የሚሸከሙት ስፕሪንጎች ሳይቀሩ ቀልተዋል። ቤታችሁ ከሐይቁ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው አለኝ። እርጥበቱ ወጥቶ ጋራዣችሁ ውስጥ ይተኛል፣ በስኖው ጊዜ ደግሞ መኪናው በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ተሸክሞ ገብቶ ያንጠባጥባል። ሰንሰለት እዚህ ቤት አይበረክትም።

ቤቱን ስንገዛ ኤጀንቱ ስለ ሐይቁ ነፋስ ሲያወራ ምላሱ አልደከመም ነበር። ስለ ዝገት ትንፍሽ አላለም።

የሚያስፈልገን ይሄ ነው፣ ጻፍኩት፦

በቀበቶ የሚሠራ። ቀበቶ ጎማ ነው፣ አይዝግም።
ሞተሩ እርጥበት እንዳይገባው የተደፈነ።
መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚከፍት።
ስፕሪንጎቹ ይቀየሩ። ግዴታ። እነሱ ከደከሙ የትኛውም ሞተር በሩን ማንሳት አይችልም።

ልጄ ሜሮን ከምትማርበት ከተማ ደወለችና ስጮህ ሰምታ «ማሚ፣ ሪላክስ፣ በር እኮ ነው» አለችኝ። በር ነው? አያትሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ እንደሚሄዱ ረሳሽው ወይ አልኳት። የባሌ የታደሰ እናት፣ እማማ ብዙነሽ፣ ዊልቼር ላይ ናቸው። ክፍላቸው ታች፣ ከጋራዡ ጎን ነው፤ ከአልጋቸው እስከ መኪናው አንድ ደረጃ የለም። ይሄን ቤት የገዛነው ለዚያ ነው። በሩ ካልተከፈተ በውስጥ ደረጃ አሥራ ሁለት ወደ ላይ፣ ከዚያ በፊት ለፊት ሰባት ወደ ታች። ማን ይሸከማቸው?

ሜሮን ሶሪ አለች። ነገ ኦርደር አደርጋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ታደሰ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀዩን ገመድ ስቦ በሩን በእጁ አነሳው። ስፕሪንጉ አያግዝም፣ ሙሉ ክብደቱ እሱ ላይ ነው። ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ፤ እኔ እማማን ይዤ መኪናውን በሥሩ አወጣሁ። የመኪናው ጣራ ላይ ቢለቀው ብዬ እየፈራሁ ነው የነዳሁት። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ደረስን፣ ሰዓታችን አላለፈም። ታደሰ ግን ወገቡን ይዞ ነው የዋለው።

ከሰዓት ቀበቶ ያለውን መርጬ፣ ካርዴን አውጥቼ ልከፍል ስል ታደሰ ስልክ ላይ ይስቃል። ጋሽ መኮንን ናቸው። የሜሮን የክርስትና አባት። ነገሩን ነገራቸው። አትግዙ፣ እኔ እያለሁ ምን ሲደረግ ትገዛላችሁ፣ ከማድሰው ቤት የወጣ አንደኛ ሞተር አለኝ፣ ነገ መጥቼ እሰቅለዋለሁ አሉ።

ታደሰ እሺ አላቸው። ሳይጠይቀኝ።

ጋሽ መኮንን ክፉ ሰው አይደሉም። ታደሰ እዚህ አገር ሲገባ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር በነበራቸው ባለ አንድ መኝታ ቤት ሰባት ወር አስቀምጠውታል። የመጀመሪያ ሥራውን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ምን ዓይነት ሞተር ነው ብሎ ለመጠየቅ ምን ያስፈራል? ሰውዬው ሊረዳን እጁን ሲዘረጋ እንዴት ዓይነቱ ይጠየቃል አለኝ ታደሰ። ድንች ልላጥ ብዬ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መጡ። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው፣ ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውት። ሲገልጡት ሰንሰለት ነው። ያውም አሮጌ ሰንሰለት። ታደሰን አየሁት፤ ታደሰ ጣራውን አየ።

ስፕሪንጎቹ መቀየር አለባቸው ተብለናል አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ጋሽ መኮንን እጃቸውን አወናጨፉ። ፈረንጅ ሊሸጥልሽ ነው፣ ትንሽ ቅባት ይበቃዋል አሉ። ቀቡት። ሲደበድቡና ሲያስሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። የጾም ምሳ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። በሉ፣ መረቁ፣ ሳቁ። ቁልፉን ሲጫኑት በሩ እየተንጓጓ ወጣ፣ እየተንጓጓ ወረደ። ሁሉም አጨበጨቡ።

አሁን የሚያናድደኝን ልጻፈው። «እጅዎ ይባረክ ጋሽዬ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አልኩ። ማንም ሳያስገድደኝ። ታደሰን ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስሳደብ ውዬ፣ የራሴ አፍ ደግሞ እንዲህ አለ። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ ለእሱ ሌላ ስም አለኝ፣ ግን ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ሳልከፍል ያስቀመጥኩትን ኦርደር ካንስል አደረግኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተከፈተ። ሄድን፣ መጣን። ታደሰ አየሽ ወይ የሚል ፊት ይዞ ነው የዋለው። የሞተሩ ድምፅ ግን ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው፣ የላይኛው ቤት ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በሩ ሲወርድ መሃል ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ነው የሚጨርሰው። ያ ቆም ማለቱ አልተመቸኝም። ለታደሰ ነገርኩት፤ አዲስ ስለሆነ ነው አለኝ። አዲስ? ይሄ ሞተር ከሜሮን ይበልጣል እኮ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ አልተከፈተም።

እማማን መኪና ውስጥ አስገብተን፣ ቀበቶ አስረን፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገን ቁልፉን ተጫንኩ። በሩ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ከዚያ የሆነ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ ስፕሪንጉ ተበጠሰ። ሰንሰለቱ ከቦታው ወጥቶ ተንጠለጠለ። ሞተሩ ብቻውን ያጉረመርማል። ታደሰ ቀዩን ገመድ ሳበ፣ ሁለታችንም በሥሩ ገብተን ገፋን፣ ጎረቤታችንም መጣ። ንቅንቅ አላለም፤ አንድ ጎኑ ተጣሞ ሐዲዱ ውስጥ ተቀርቅሯል።

በደረጃ እናውጣቸው አልን። ታደሰ ወገቡ አልችል አለው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። እማማም «ልጄን እንዳትገድሉብኝ፣ ተዉኝ» አሉ። ሆስፒታል ደወልኩ፤ እስከ አራት ሰዓት ካልደረሳችሁ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉኝ። ያን የሰኞውን ቴክኒሻን ጠራሁት፤ መድረስ የቻለው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሐዲዱን አቃና፣ ስፕሪንጎቹን ዝገት የሚከላከል ቅብ በተቀቡ ቀየረ። በሩ አሁን በአንድ እጅ ይነሳል። ሞተሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት ከስድብ ይብሳል።

የእማማ ዲያሊሲስ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ተጨማሪ ሰዓት ሰጡን። እስከዚያ ውኃ በስኒ፣ ጨው የለም፣ መተንፈስ ከከበዳቸው በቀጥታ አምቡላንስ። ለታደሰ «ንገራቸው አሁን፣ ለአበልጅህ ደውለህ ንገራቸው» አልኩት። አልደወለም።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። የእማማ እግር አብጧል፣ በጣቴ ስነካው ጎድጉዶ ይቀራል። ትራስ ላይ ሰቀልኩላቸው። ውኃ ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ እየለካሁ ነው የምሰጣቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ መኮንን ደወሉ። ቢያጡን ጊዜ። ታደሰ ስፒከር ላይ አደረጋቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ በሩስ እንዴት ነው አሉት። ታደሰ ዓይኔን እያየ ኧረ በጣም አሪፍ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን አላቸው።

ስልኩን ቀማሁት።

«ጋሽ መኮንን፣ በሩ አሪፍ አይደለም። ትናንት ተሰብሮ እማማ ዲያሊሲስ ቀርተዋል። እግራቸው አብጧል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የድሮው ሰንሰለታችሁ መዛጉን ረቡዕ ዕለት አይቻለሁ» አሉ። «ስፕሪንጉም እንደማይችለው ገብቶኛል። ግን ሞተሩን አቅፌ መጥቼ፣ አንቺ ምሳ አቅርበሽ፣ እጅዎ ይባረክ ብለሽኝ፣ እንዴት ብዬ አውርጄው ልሂድ?»

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ለካ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ታደሰም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ላለመቀያየም ዝም ተባብለን፣ ዕዳውን የከፈሉት አልጋ ላይ ያሉት እማማ ናቸው። አለቀስኩ፣ በንዴት። እሳቸውም ያለቀሱ ይመስለኛል። ታደሰ ወጥቶ መኪና ማጠብ ጀመረ። በዚህ ብርድ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

በሩን በእጃችን አንስተን ሄድን። ለአራት ሰዓት ተኩል አጠቧቸው። ሲወጡ ፊታቸው ተመልሷል። የነገው ቀርቶ ሐሙስ ይምጡ ተባልን።

ከሰዓት ቀበቶ ያለው ተሰቀለ። የተደፈነ ሞተር፣ ባትሪ፣ ሁሉም እንደጻፍኩት። ጋሽ መኮንን ሳይጠሩ መጥተው አሮጌውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ቴክኒሻኑ ሲሠራ ጎኑ ቆመው መብራት ያዙለት። ምሳ ብላቸው አልበላም አሉ። ግድ የለም አላልኳቸውም፣ ግድ አለኝና። ሲወጡ ግን ሳምኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሄድን፣ መጣን። ድምፅ የለውም።

ስንመለስ መኪናውን አቁሜ ሞተር አጥፍቼ፣ እማማን ከማውረዴ በፊት አፌ አላርፍ አለ። ከእሁድ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። በዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዝም እያለ ሊገድለን ነው፣ ከእንግዲህ የማይፈልገውን አልፈልግም የማይል ሰው እዚህ ቤት አይኑር አልኩ። ለታደሰ ነበር የምናገረው፣ ታደሰ ግን ሥራ ላይ ነው።

እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከሉ «እኔም ዝም ያልኩት አለ» አሉ።

የክፍሉ ብርድ ወይ ምግቡ መሰለኝ። ይንገሩኝ አልኳቸው።

«እጥበቱ በቃኝ፣ ልጄ። ከፋሲካ ወዲህ ነው። በር ስትሰብሩ፣ ወገብ ስትሰብሩ አያለሁ፤ እንዴት ብዬ አልሄድም ልበላችሁ?»

ተቆጣሁ። እንዴት እንዲህ ይላሉ፣ እኛ ለማን ብለን ነው አልኩ። እሳቸው እጄን ያዙ።

«እስከ ገና እሄዳለሁ። ከገና በኋላ ግን ልሂድ ወይ ልቅር ብላችሁ ጠይቁኝ። አትንገሩኝ፣ ጠይቁኝ።»

እሺ አልኳቸው። አወረድኳቸው፣ አስተኛኋቸው፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አሁን ኩሽና ተቀምጫለሁ። ተናድጃለሁ፤ ዝም ስላሉም ስለተናገሩም። ለታደሰ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፣ ራት ሳላቀርብ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ። አንድ ቀን ካሳደርኩት እኔም ልደብቀው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል። ያ በር አሁን አይሰማም፣ ስለዚህ ፊቴን ወደ ጋራዡ መግቢያ አዙሬ ነው የተቀመጥኩት።