ዓሣዎቹ የሄዱበት

ለማከብርዎና ለምወድዎ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ ጉልበትዎ ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎ ወይስ አሁንም እያስለመነዎት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ሳይቀቡ ተቀባሁ እንደሚሉ ሰምቻለሁ፤ ማን ነገረሽ ብለው አይጠይቁኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ መጋረጃ የሚያሰፋ ሰው አልጠፋም። ስለ ወንድምዎ ከመጠየቅዎ በፊት ግን ስለ ዓሣዎቹ ላውራዎት።

ሳሎናችን ውስጥ ያለውን የመስተዋት ባሕር መቼም አይረሱትም። ባለፈው ሲመጡ፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ያስቀምጣል እንጂ ባሕር ያስቀምጣል ወይ ብለው ያሳቁን ነው። ወንድምዎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደል፣ መብራቱንም ማሞቂያውንም በገዛ እጁ ነው የገጠመው። ጨዉን እየለካ በጥብጦ ውሃውን ሲቀይርላቸው ሕፃን የሚያጥብ ነው የሚመስለው። ታዲያ ከዚህ ባሕር ዓሣ መጥፋት ጀመረ። ልብ ይበሉ፣ መሞት አላልኩም፤ መጥፋት ነው። ሬሳ የለ፣ አጥንት የለ። ማታ የነበረው ሰማያዊ ዓሣ በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ የለም። ቀጥሎ ቢጫው፣ ከዚያም ሁለቱ ብርቱካንማዎች ተራ በተራ ጠፉ።

እኔን ያውቁኛል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ካላልኩ ዕረፍት የለኝም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎረቤታችንን ድመት ነበር። መስኮቱን ዘጋሁባት፤ ዓሣው ግን መጥፋቱን ቀጠለ፣ ምስኪኗን በከንቱ አማኋት። ከዚያ ዘሎ ወጥቶ ይሆናል ብዬ ሶፋውን አስነሥቼ ሥሩን ጠረግሁ፤ ያገኘሁት ጠፍቶብኝ የነበረውን መቀስ ነው። ዓሣ የሚሸጥልን ሰውዬ ደግሞ አዲስ ነገር ነገረኝ። ከባሕር የመጣ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ተደብቆ የሚገባ ሸርጣን ወይም ረጅም ትል አለ፣ መብራት ሲጠፋ ወጥቶ ይበላል አለኝ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ ብል ይታዘቡኛል? ሳናውቀው አብሮን የሚኖር ፍጥረት! ወሬያችንን እየሰማ፣ ዓሣችንን እየበላ! ምን ይመስል ይሆን እያልኩ ድንጋዩ ላይ ሳፈጥ ስንቱን ጨርቅ አጣምሜ ቆረጥኩ።

ይህን ፍጥረት የምይዝበትን ወጥመድ የሠራልኝ ራሱ ወንድምዎ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ ወደ ውስጥ ገልብጦ ገጠመው፤ የገባው እንዳይወጣ። ቁራጭ ሥጋ ጨመርንበትና ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጠብቅ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ሱሪዎቹ እየሰፉበት ስለነበር ወገባቸውን አጠበብኩለት። ምነው ምግብ አስጠላህ ስለው፣ ጨው እያበዛሽበት ነው አለኝ። እውነትም ምሳ ዕቃውን ሳጥብ ክዳኑ ላይ ነጭ ጨው ደርቆ አገኛለሁ። እኔ ሞኟ ሰሞኑን ሁሉ ጨው የማያውቅ ምግብ አበላሁት፤ እሱም እንደቀረበለት በላ።

በዚህ መሐል አንድ ትልቅ ሆስፒታል ለአንዱ የመጠበቂያ ክፍል መጋረጃ አዘዘኝ። የትኛው ክፍል እንደሆነ አልጽፍልዎትም። ሜትሬን ይዤ መስኮቱን ልለካ ስገባ፣ ጥጉ ላይ የመስተዋት ባሕር ቆሟል። ውስጡ የኛ ቢጫ ዓሣ ይዋኛል። መሳሳት የለም እትዬ፤ ጅራቱ ላይ ያለው ጥቁር መስመር የተሰበረ ነው፣ ስፌቱ ላይ እንዳልገጠመ ባለመስመር ጨርቅ። እንዲህ ያለውን እኔ ካልለየሁ ማን ሊለይ ነው? አጠገቡ ሰማያዊው አለ። ሁለቱ ብርቱካንማዎችም ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አሉ፤ እንዲያውም ወፈር ብለዋል።

ካርድ የምታወጣዋን ሴት ከየት አመጣችኋቸው አልኳት። አንድ ታካሚያችን ነው አለችኝ። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ በደም ሥሩ እስኪገባ ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ በመጣ ቁጥር በምሳ ዕቃው አንድ ዓሣ ይዞ ይመጣል። ይህ ባሕር ባዶ ሊቀር ሲል አይቶ፣ እዚህ የሚቀመጥ ሰው የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል አላቸው። ጨዋ ሰው ነው፣ አስታማሚ ይዘህ ና ስንለው ግን ሰው የለኝም ይለናል አለችኝ።

ሰው የለኝም! ከሌላው ሁሉ ይህች ቃል አቃጠለችኝ። መስኮቱን ደጋግሜ ለክቼ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምሰድበውን ስድብ ሳሰናዳ ነበር። በሩን ስከፍት ወጥመዱ ውስጥ አዲስ ሥጋ እየጨመረ አገኘሁት፤ ዛሬስ ሳይያዝልሽ አይቀርም አለኝ፣ እኔን ደስ ይበላት ብሎ። ያሰናዳሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ።

ሴትየዋ የነገረችኝ ቀጠሮው ሲደርስ ጠዋት ቀድሜው ተነሣሁ። ምሳ ዕቃውን ከባሕሩ ውሃ ሞላሁ፣ ቀይዋን ዓሣ በመረብ ይዤ ጨመርኳትና ክዳኑን ገጠምኩ። ጫማዬንም አደረግሁ። ወንድምዎ ምሳ ዕቃውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ወዴት ነው አለኝ። ዓሣዋ ወደምትሄድበት አልኩት። አጎንብሶ የጫማውን ክር ፈታና እንደገና አሰረ፤ ቀና ሳይል፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነበር አለኝ። አንዴ ተጨንቄያለሁ፣ በል ተነሥ፣ ውሃው ሊቀዘቅዝባት ነው አልኩት።

እዚያ ስንደርስ ያቺው ሴት፣ ዛሬስ ሰው ይዘሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ከባለቤቴ ጋር ነኝ አለ። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ጮክ ብሎ ነው ያለው።

እትዬ፣ እንደ እናት ያሳደጉት እርስዎ ነዎትና ጠባዩን ያውቁታል። ስለ ሕመሜ ለእትዬ አንዲት ቃል እንዳትጽፊ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፤ የጻፍኩልዎ ስለ ዓሣ ነው።

አምላክ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለመንገድዎ መቃናት ይስጥልኝ። ክፍሉ በጠዋት ይሞላል፤ እርስዎ ብቻ ይምጡ እንጂ ወንበር እይዝልዎታለሁ።

ምራትዎ