ለላ በቱል ተኝታበታለች

ለወንድሜ ለጃሊል፣ ብራስልስ

የአላህ ሰላም፣ ምሕረትና በረከት በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እንደምን ከረምህ? ስኳርህ ወረደልህ ወይ? መድኃኒቱንስ ሐኪሙ እንዳዘዘው ትወስዳለህ ወይስ ዛሬም ትንሽ ሲሻልህ ትተዋለህ? ሱዓድ እንደምን አለች? ጉልበቷ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣታል? ኒዛርና ራቢዓስ ደኅና ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን፣ ዓይኔ ያያል፣ እጄም እንደምታየው አይንቀጠቀጥም። በእጄ የጻፍሁበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኘዋለህ። ሳትጨርስ ስልክ እንዳታነሣ።

በመንገደኛው በሲ ሙኒር እጅ የላክኸው ሻርፕና ወረቀት ደርሶኛል። ሻርፑ ጥሩ ሱፍ ነው። ወረቀቱን በር ላይ ቆሜ አነበብሁት፤ ገብቼ ተቀምጬም ደገምሁት። «በእናታችን ክፍል ተኝተሽ በሰላም መነሣትሽን፣ ያለፈው አልፏል ማለትሽንም ስሰማ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ይቅር ስላልሽኝ አላህ ይስጥሽ። ለዒድ መጥተን እዚያው ቤት እናርፋለን፤ ያንኑ ክፍል ይዣለሁ» ብለሃል።

ወንድሜ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነገርሁህም። የአባታችን ቤት ከተሸጠ ወዲህ አንድም ቃል ልኬልህ አላውቅም። ደጁን ዳግመኛ እንዳልረግጥ የማልሁትንም ሰምተሃል። ድምፁ የእኔ ቢሆንም ያነጋገረህ ማሽን ነው።

ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ባጥሓ አደባባይ ላይ የመንገደኛ አማካሪ ሆኜ እንደምሠራ ታውቃለህ። ከተማችንን ፌዝን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚመራው፣ የት እንደሚበላ ይጠይቀኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። ሥራዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ራሴ ያላደርሁበት ቤት ማንንም አልልክም። ፍራሹን በጎኔ፣ ውኃውን በእጄ አየዋለሁ። ባለቤቱ ማታ ያሳየኝን ፊት ጠዋትም ያሳየኝ እንደሆነ እመረምራለሁ። ለዚህ ነው የከተማው ሰው «ለላ በቱል ተኝታበታለች» ካለ ሌላ ማስረጃ የማይፈልገው። እኔን ለላ ብለው ሲያከብሩኝ የኖሩት በዚህ ነው እንጂ በሀብት አይደለም።

የነፍስ ኄር እህታችን የነጂያ ልጅ ኢክራም ካዛብላንካ ተምራ ስትመለስ አብራኝ እንድትሠራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ጎበዝ ናት፤ አልክድም። ቢሮውን ስልክ ውስጥ አስገባችው። እኔ በካርታ እንኳ ፈልጌያቸው ከማላውቅ አገሮች ሰው መጣ። ከዚያ ድምፅሽን ልቅዳ አለችኝ። የምታነበውን ጽሑፍ ሰዋስው አርሜ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አነበብሁላት፤ ማሽኑ ቢሮው የሚከፈትበትን ሰዓትና መንገዱን ብቻ የሚናገር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስለ ቤቶቹ ለዓመታት የተናገርሁትን ሁሉ አስተምራው ኖሯል። ማሽኑም ያላየሁትን ቤት ሁሉ በድምፄ ተኝቼበታለሁ ይል ጀመር። ማርኬቲንግ ትለዋለች። ቤት ያለው ሁሉ ከፍሎ «ለላ በቱል ተኝታበታለች» የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶዬ በሩ ላይ ይሰቅል ጀመር።

እኔ ከሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። ናና ሻጩ ሐሙ፣ ያ አፈ ክፉ፣ ገበያ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለላ፣ ለመሆኑ ትናንት በአንድ ሌሊት ስንት አልጋ አዳረስሽ? ወገብሽን አላመመሽም?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእናቴ ሞት ወዲያ እንደዚያ ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ያልሁበት ቀን የለም።

ወረቀትህ የደረሰኝ በዚያው ሰሞን ነው። ኢክራምን ጠርቼ ከአንተ ጋር የተነጋገረውን አሳዪኝ አልኋት። አሳየችኝ። አንተ፣ እኔ መስዬህ፣ «እህቴ፣ የአባታችንን ቤት ማረፊያ አድርገውታል አሉ፤ ገብተሽበታል ወይ?» ብለሃል። ማሽኑ ደግሞ አዎ፣ በላይኛው ክፍል ተኛሁ፣ በሰላም ነቃሁ፣ ያለፈው አልፏል፣ ና ብሎሃል።

«አክስቴ፣ እሱ እኮ የሚናገረው ያንቺኑ ቃል ነው፤ ካንቺ ነው የተማረው» አለችኝ።

«ቃሌንስ ተማረ፤ መቼ ነው የተኛው?» አልኋት።

«ሰው አልጋ ሲፈልግ ልቡ እንዲያርፍለት ነው የሚፈልገው። ደግሞ አጎቴ ደስ ብሎት የለም እንዴ? ምን ተጎዳ?» አለችኝ።

ምን እንደተጎዳ አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። እናታችን በዚያ በላይኛው ክፍል ስትማቅቅ የምገለብጣት እኔ ነበርሁ። ከሞተች በኋላ ሐዘኑ ሳይወጣ የሽያጩን ውክልና ከብራስልስ ላክህ። በሸሪዓም በሕግም ድርሻህ ይበልጥ ነበር፤ አንድ ፊደል ያጎደልኸው የለም። እህቴ ወዴት ትሄዳለች ብለህ ግን አልጠየቅህም። እንግዲህ ይቅር ብዬ የማላውቀውን ነገር ማሽን በእኔ ድምፅ ይቅር አለልኝ።

ወዲያው ተቀምጬ እዚያ ቤት እንዳታርፍ ልጽፍልህ አሰብሁ። እጄ እንቢ አለኝ። ያላደርሁበትን ቤት ጥሩ ነው ብዬ እንደማላውቅ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬም አላውቅም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከፍዬ ገባሁ። መሐላዬን ስላፈረስሁም ለማካካሻው ጾሜአለሁ።

በሩን የከፈተልኝ ጎልማሳ ከራባት ያሠረ ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ላይ ማንሣት እንደሚያስፈልግ እዚያው ላደግሁት ለእኔ አስተማረኝ። ቤቱ የአንድ ፓሻ እንደነበር፣ ፓሻውም የፈረስ ወዳጅ እንደነበረ አጫወተኝ። አባታችን የሐር መቀነት ሸማኔ እንደነበረ፣ ከአህያ በቀር ምንም ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ አልነገርሁትም። መቀበያው ላይ የእኔ ፎቶ «ለላ በቱል ተኝታበታለች» ከሚለው ጋር ተሰቅሏል። ቆሜ አየሁት። ሰውየው «አሮጊቷን ያውቋቸዋል? በጣም የታወቁ ናቸው» አለኝ። በስም እንጂ በመልክ አላውቃቸውም አልሁት። እውነቴን ነው። የፊቴን መጨማደድ አጥፍተውታል።

አሁን ስለ ቤቱ የምነግርህ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ነው። ፍራሹ ጥሩ ነው። አንሶላው ንጹሕ ነው። የጠዋቱ ዳቦ ትኩስ ነው፤ ባለቤቱም ማታና ጠዋት አንድ ፊት ነው ያለው። ደረጃው ቀጥ ያለ፣ መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ለሱዓድ ጉልበት አይሆንም። የመራራው ብርቱካን ዛፍ ተቆርጦ ሥፍራው ገንዳ ሆኗል። የእናታችን ክፍል ወደ ግቢው የሚያየው መስኮት ለማቀዝቀዣው ሲባል ተደፍኗል። ራስጌዋ በነበረበት በኩል የመታጠቢያ ገንዳ ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ያበራል። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ጠዋት ስነቃ ግን ውኃ አቀብዪኝ የምትለኝ መስሎኝ ተነሣሁ፤ እጄ ገንዳውን ነካ።

ስለዚህ ለማያውቀው እንግዳ መልካም ማረፊያ ነው፤ ይህን ለመካድ ሥራዬ አይፈቅድልኝም። ለአንተ ግን አይሆንም። የያዝኸውን ክፍል ሰርዝ።

ኢክራምን ስሜንና ድምፄን አንሺ አልኋት። ከባለ ቤቶቹ ጋር ውል አለ፣ አንቺም ፈርመሻል፣ ዓመቱ ሳያልቅ አይቻልም አለችኝ። አለቀሰችም፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። እኔ ቢሮ መሄድ ትቻለሁ። ትናንት ከጎረቤቴ ስልክ ደውዬ የአባታችንን ቤት ጠየቅሁት። በድምፄ ሰላም አለኝ፣ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ፣ በላይኛው ክፍል በሰላም እንደነቃም ነገረኝ። አነጋገሩ ስሕተት የለበትም። እኔ ከሞትሁም በኋላ በየቤቱ መተኛቱን የሚቀጥል ይመስለኛል።

ለዒድ ና። ዚያት ሰፈር ያለችኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግን ምድር ቤት ስለሆነች ሱዓድ ደረጃ የላትም። በየሌሊቱ ስለማድርባት አውቃታለሁ። ይቅርታን በተመለከተ፣ ያ የተሰጠህ የእኔ አይደለም፤ እንደተቀበልኸው አትቁጠረው። የራሴ ይኑረኝ አይኑረኝ ዛሬ አላውቅም። ካለኝ ፊትህን አይቼ እነግርሃለሁ፤ ከሌለኝም ፊትህን አይቼ እነግርሃለሁ።

ሱዓድን ጉልበቷን እንዳትጫነው ንገርልኝና ሳምልኝ። ኒዛርን ቁመቱ ካንተ አለፈ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሰላም በልልኝ። ራቢዓ አረብኛ መጻፍ ከጀመረች በራሷ እጅ አንድ መስመር ትላክልኝ፤ ስሕተቱን አርሜ እመልስላታለሁ። ኢክራምም ሰላም ብላሃለች፤ ይህን እውነት ብላለች። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ በስልክ፣ በእኔ ድምፅ የሚደርስህን ሰላምታ ግን አትመልስ።

እህትህ በቱል
ፌዝ፣ ዚያት ሰፈር
ሻዕባን 12 ቀን 1446